ቀበሌ ሲቀየር ፓርላማ የሚወክለንም ይቀየራል እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ የምኖረው ባህር ዳር ዓባይ ማዶ ነው፣ ያደግኩት ግን ከድልድዩ ወዲህ መሀል ከተማ ነው። በኔ እድሜ ብቻ ቀበሌ ነበርን፣ ከዛ ክፍለ ከተማ ተባልን፣ ከዛ ደግሞ ክፍለ ከተማዎቹ እንደገና ተከፋፍለው ስማቸውም ተቀየረ፣ መታወቂያ ለመቀየር ስንቴ እንደተሰለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ባለቤቴ «ቀበሌ ሲቀየር የምርጫ ክልልሽም አብሮ ይቀየራል» ይለኛል፣ እኔ አይመስለኝም። የተሸነፈ ጣና ዳር ዓሣ ኮተሌት ሊጋብዝ ተወራርደናል፣ እባካችሁ ፍረዱን።
(ከዓባይ ማዶ)

መልስ፦ እህታችን ዓሣው ያንቺ ነው፣ ግን ባልሽን ፆሙን አታሳድሪው፣ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፣ ወደሱ እንመጣለን።

ያጣላችሁ ክልል የሚለው ቃል ይመስለኛል። አማራ ክልል ስንልም ክልል፣ የምርጫ ክልል ስንልም ክልል፣ ሁለቱ ግን ምንም አይገናኙም። የምርጫ ክልል ማለት በቃ አንድ ሰው መርጦ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚልክ አካባቢ ነው፣ ከተወዳዳሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያልፋል፣ ከግማሽ በላይ ማምጣት እንኳን አይጠበቅበትም። ባገሪቱ 547 የምርጫ ክልል አለ፣ 138ቱ አማራ ክልል ውስጥ ነው።

ቀበሌና ክፍለ ከተማን የሚሸነሽነው እዚሁ ያለ አስተዳደር ነው። የምርጫ ክልልን ግን ከንቲባ አይነካውም። ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 103 ላይ እንዳለው በየ10 ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ ይካሄዳል፣ በቆጠራው ውጤት መሰረት ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያቀርባል፣ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ቆጠራ ከሌለ መስመሩ እንዳለ ይቆያል ማለት ነው፣ እና ችግሩ እዚህጋ ነው። የመጨረሻው ቆጠራ 1999 ነው! የሚቀጥለው ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ፣ ሰኔ 2011 ላይ ሁለቱ ምክር ቤቶች አንድ ላይ ተቀምጠው ደግመው አራዘሙት፣ ከዛ ኮሮና መጣ፣ ከዛ የምናውቀው ሁሉ መጣ።

እስቲ ስልክሽን አውጪና አብረን እናካፍል። በ1987ቱ ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ 13.8 ሚሊዮን ነበር፣ ለ138 ወንበር ስታካፍዪው ላንድ ወንበር 100 ሺህ ሰው አካባቢ ይደርሳል፣ ጥርት ያለ ሂሳብ ነው። በ1999 ሕዝቡ 17.2 ሚሊዮን ሆነ፣ ወንበሩ ያው 138፣ ስለዚህ ላንድ ወንበር ወደ 125 ሺህ ሰው። ይሄ እንግዲህ አማካይ ነው፣ ከተማ ላይ ይብሳል። ባህር ዳር በ1987 ወደ 96 ሺህ ሰው ነበራት፣ በ1999 ዙሪያዋ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ጋር ሲቆጠር ከ220 ሺህ አለፈ። ከዛ ወዲህ ያለውን ዓባይ ማዶ የምትኖሪው አንቺ ንገሪን፣ ስንት ቤት ተሰራ? ድሮ ዓባይ የጎጃምና የበጌምድር ድንበር ነበር፣ ዛሬ ከተማው በሁለቱም ዳር ተኝቷል፣ ግንቦት 2016 ላይ 380 ሜትሩ አዲሱ ድልድይ ተከፍቶ ከነጭራሹ አገናኘው። ድልድይ ሲሰራ ግን የምርጫ መስመር አይንቀሳቀስም። ሰው የበዛበት ቦታም ያልበዛበትም አንድ አንድ ተወካይ ነው የሚልከው፣ ይሄ ለኔ ፍትሃዊ አይመስለኝም።

ነገ ቆጠራ ቢካሄድም ወንበሩ እንደልብ አይጨመርም፣ ሕገ መንግስቱ ከ550 እንዳይበልጥ ገድቦታል፣ ከሱም ላይ ቢያንስ 20ው ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ነው። ድፎው ያው ነው፣ ቢላው የሚያርፍበት ቦታ ነው የሚቀየረው፣ ስለዚህ አንዱ ሲያገኝ ሌላው ያጣል። ሁሉም ጉዳዩን በእጁ መንካት የሚፈራው ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ባልሽ። የሚቀየረው ምርጫ ጣቢያው ነው። ባንድ ጣቢያ ከ1,500 በላይ መራጭ አይመዘገብም፣ ሰፈሩ ሰው ሲበዛበት ጣቢያ ይጨመራል፣ አምና ትምህርት ቤቱ ግቢ የመረጠ ሰው ዘንድሮ ድንኳን ውስጥ ሊላክ ይችላል። እኔ ራሴ ሰኔ 14 ቀን 2013 ጎህ ሳይቀድ ሄጄ አንዱ ሰልፍ ላይ ከሰዓት በላይ ቆምኩ፣ ተራዬ ሲደርስ አስመራጯ ካርዴን አገላብጣ አየችና «የርስዎ እዚያኛው ነው» አለችኝ፣ እዚያኛው ማለት ካጥሩ ወዲያ ያለው ሌላ ጣቢያ ነው፣ እንደገና ከኋላ ተሰለፍኩ። ጣቢያ እንጂ የምርጫ ክልል አልቀየርኩም፣ የተሰጡኝ ሁለት ወረቀቶችም፣ አንዱ ለፓርላማ አንዱ ለክልል ምክር ቤት፣ መጀመሪያ የቆምኩበት ሰልፍ ላይ ያሉት ከያዟቸው ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። ባልሽ ያየው ይሄን ከሆነ ኮተሌቱን እኩል ክፈሉ።

ጥያቄ፦ በጃንሆይ ጊዜ ሁለት ሁለት እንደራሴ ነበር የምንልከው ብዬ ስነግረው የልጅ ልጄ ሳቀብኝ። ተሳስቼ ነው?
(የዘጌ ሽማግሌ)

መልስ፦ አባታችን እርስዎ ልክ ነዎት፣ ልጁ ይቅርታ ይጠይቅዎት። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግስት አገሩ በተቻለ መጠን 200 ሺህ ሰው ባለው የምርጫ ክልል ይከፈል፣ እያንዳንዱም ሁለት እንደራሴ ይላክ ይላል። ከ30 ሺህ ሕዝብ በላይ ያለው ከተማ ደግሞ ለብቻው አንድ ይልካል፣ ከዛ በላይ በየ50 ሺሁ አንድ ይጨመርለታል። የምርጫ ክልሉ ቅርፁ እንኳን ሁኔታው በፈቀደ መጠን የተስተካከለ ይሁን ተብሎ ተፅፏል፣ እኔ ይሄን ሳነብ የጣናን ዳርቻ አሰብኩና ሳቅኩ፣ ጣና ውስጥ የገባችውን ዘጌን ማን አስተካክሎ ይቆርጣታል?

የሚገርመው 200 ሺህ ይባል እንጂ የቆጠረ አልነበረም፣ አገር አቀፍ ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1976 ነው። ያኔ ሕጉ ነበር ቆጠራው አልነበረም፣ ዛሬ ሕጉም አለ ቆጠራውም አለ ግን አርጅቷል። እና ያኔ ፓርቲ የሚባል የለም፣ ለመወዳደር በምርጫ ክልሉ ውስጥ ንብረት ያስፈልግ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ በየ4 ዓመቱ እስከ 1965 ተመረጠ፣ ከዛ ደርግ ፓርላማውን በተነው። በ1979 በኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ጊዜ የመጣው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ነበሩት። ለልጅ ልጅዎ ይሄንንም ይጨምሩለት።

ጥያቄ፦ ለስራ ባህር ዳር ከመጣሁ 4 ወር ሆነኝ፣ እዚህ መመዝገብ እችላለሁ?

መልስ፦ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ 6 ወር መኖር አለብህ። 2 ወር ይቀርሃል።