«ለውጥ አልተገኘም» ስለሚል ውጤት ለወጣት ባለሙያዎች

ወደ ሕክምናና ወደ ላቦራቶሪ ሙያ በመግባት ላይ ያላችሁ ውድ ልጆቼ፣

በዘር የሚተላለፍ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሲነሣ አብዛኞቻችሁ በዘረ መሉ ውስጥ የተሳሳተች አንዲት ፊደል ትፈልጋላችሁ። ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ አልፈርድባችሁም። ሆኖም በአንዳንድ ቤተሰብ ፊደሎቹ ሁሉ ደኅና ሆነው፣ ዘረ መሎችን የተሸከመው ክር፣ ማለትም ክሮሞዞሙ፣ ቁራጩ ስለጠፋ፣ ስለተደገመ ወይም ተገልብጦ ስለገባ ብቻ አደጋው ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል።

በዚህ መስክ ከታዩት ትልልቅ ፍንጮች አንዱ የተገኘውም በማይክሮስኮፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ተመራማሪዎች አንጀቱ በፖሊፕ (ወደ ካንሰር ሊለወጡ በሚችሉ ትንንሽ እብጠቶች) የተሞላ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነትም የነበረበትን አንድ ሰው ክሮሞዞሞች መርምረው፣ ከ5ኛው ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ላይ ቁራጭ ጎድሎ አገኙ። ሁለቱ ችግሮች በአጋጣሚ የተገናኙ ናቸው ብለው ቢያልፉ ኖሮ ፍንጩ ያመልጣቸው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ይህን በዘር የሚተላለፍ የፖሊፕ በሽታ የሚያመጣው ዘረ መል በዚያው አካባቢ እንደሚገኝ ተረጋገጠ፤ በ1991 ደግሞ ኤፒሲ የተባለው ዘረ መል ራሱ ተለየ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሊንች ሲንድረም የተባለው፣ የትልቁን አንጀትና የሌሎች አካላትን ካንሰር አደጋ በዘር የሚያስተላልፈው ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ የሰሜን አሜሪካ ቤተሰብ ላይ እንደተገለጸው፣ በ2ኛው ክሮሞዞም ላይ 10 ሚሊዮን ያህል ፊደሎች የሚሸፍን ክፍል ተገልብጦ ኤምኤስኤች2 የተባለውን፣ የፊደል ስሕተትን የሚያርም ዘረ መል ለሁለት ከፍሎታል። እያንዳንዱን ገጽ ብታነብቡ ስሕተት የማታገኙበት፣ ነገር ግን ጥራዙ ተገልብጦ የተሰፋ መጽሐፍ ማለት ነው። የተለመደው የፊደል ንባብ ይህን አያይም፤ የጎደለና የተደገመ ቁራጭ የሚቆጥረው ኤምኤልፒኤ የተባለው ምርመራም ምንም ስላልጎደለ ያልፈዋል። ታማሚው ከነአደጋው «ነፃ ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ስለዚህ ዕጢው ራሱ የሚናገረውን አድምጡ። የዕጢው ናሙና በቀለም ሲመረመር ኤምኤስኤች2 እና አጋሩ ኤምኤስኤች6 የተባሉት ፕሮቲኖች ጠፍተው ከታዩ፣ በደም የተደረገው የዘረ መል ምርመራ ውጤት ግን «ለውጥ አልተገኘም» ካለ፣ ፋይሉን አትዝጉት። በአጠገቡ ያለው ኢፒካም የተባለው ዘረ መል ጫፉ ተቆርጦ ኤምኤስኤች2ን ዝም አሰኝቶት እንደሆነም ጠይቁ።

የቤተሰብ ታሪክ ስትወስዱ «በቤተሰባችሁ ካንሰር አለ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ በእኛ አገር «በሆድ ሕመም ሞተ» ተብሎ የሚታለፈው ብዙ ነውና። አጎትን፣ አክስትን፣ አያትን አንድ በአንድ እያነሣችሁ በስንት ዓመታቸው እንደታመሙ፣ ምን ቀዶ ሕክምና እንደተደረገላቸው ጠይቁ። የማኅፀን ካንሰር የያዛቸውን ሴቶች በተለይ አትርሱ፤ ሊንች ሲንድረም የማኅፀን ካንሰርንም ያመጣል።

ይህ ሁሉ ድካም ፍሬ ያለው ድካም ነው። ለውጡ በአንድ ሰው ላይ በትክክል ከታወቀ፣ ልጆቹና ወንድሞቹ ያንኑ ብቻ ይመረመራሉ። የወረሱት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዓመት ዕድሜያቸው ጀምሮ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ በኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት በማየት) ይታያሉ፤ በፊንላንድ ለ15 ዓመታት የተደረገ ክትትል፣ በየሦስት ዓመቱ መታየት እንኳ ካንሰሩን ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ አሳይቷል። ያልወረሱትም ከዚህ ጥብቅ ክትትል ያርፋሉ።

ውጤት ስትጽፉ ምርመራው የትኛውን ዓይነት ለውጥ ማየት እንደማይችል በግልጽ አስፍሩ። ከዓመታት በፊት መልስ ሳያገኙ የተመለሱትን ቤተሰቦችም ጥሯቸው፤ የክሮሞዞሙን አቀማመጥ ጭምር የሚያሳዩ አዳዲስ ዘዴዎች አሁን አሉ።