በአካውንቲንግ ተመርቄ ካሸር ሆንኩ ላልሽኝ

"የመውጫ ፈተናውን አልፌ፣ ዲግሪዬን ይዤ፣ ይኸው የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ካሸር ነኝ። የአክስቴ ልጅ ግን ኮሌጅ ሳትረግጥ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ተምራ ከእኔ የተሻለ ይከፈላታል። ታዲያ አራት ዓመት የለፋሁት ለምኑ ነው?" ብለሽ ጽፈሽልኛል።

እህቴ፣ ብትናደጂ አይፈረድብሽም። ማስታወቂያው ሁሉ "2 ዓመት ልምድ" ይላል። "0 ዓመት" የሚል ሲገኝ ደግሞ ሰልፉ አይጣል ነው። ግን እዚያ ሰልፍ ውስጥ የሚያስገባሽም ዲግሪሽ ነው፤ ባንክና መንግሥት መሥሪያ ቤት ለሒሳብ ባለሙያነት ያለ እሱ ማመልከቻሽን ዞር ብለው አያዩትም። የአክስትሽ ልጅ ዛሬ ብትቀድምሽም እዚያ በር ላይ ስትደርስ ትቆማለች።

ይህ ግን ትንሹ ጥቅም ነው። ፒችትሪ ያስገባሽለትን ቁጥር ይደምራል እንጂ፣ ወር መጨረሻ ላይ የባንክ ስቴትመንቱ ከሱቁ መዝገብ ጋር አልገጥም ሲል ጥፋቱ የት እንዳለ ቁጭ ብሎ አያስብልሽም። ለአቅራቢው የተጻፈው ቼክ ገና አልተመነዘረ ይሆን? ባንኩ የአገልግሎት ክፍያ ቆርጦ ማንም ሳይመዘግበው ቀርቶ ይሆን? ወይስ ደንበኛ በሞባይል ያስገባው ብር ሁለቴ ተመዝግቧል? ክፍል ውስጥ እያዛጋችሁ ያለፋችሁት ዴቢትና ክሬዲት እንጀራ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ፒችትሪውንማ በጥቂት ሳምንት ትለምጂዋለሽ።

ስለዚህ ባለሱቁን "የዚህን ወር የባንክ ሒሳብ ከሱቁ መዝገብ ጋር እኔ ላስታርቀው" በያቸው። ትርፍ ክፍያ እስካልጠየቅሽ ድረስ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። የደመወዝ ሰነዱንም ለምነሽ ሥሪው፤ ለጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እንዴት እንደሚሰላ በእጅሽ እይው። ሁለት ሦስት ወር ከሠራሽ በኋላ ሲቪሽ ላይ "ካሸር" ብቻ ብለሽ አትለፊው፣ የሠራሽውን በዝርዝር ጻፊ፤ ያልሠራሽውን ግን እንዳትጨምሪ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ በአንድ ጥያቄ ነው የሚያጋልጡሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ አጣሪ። ከደመወዝሽ የሥራ ግብር እየተቆረጠ ገቢ ይደረጋል? ብዙ መሥሪያ ቤቶች ግብር ያልተከፈለበትን የግል ድርጅት ልምድ አይቆጥሩትም። ካልተከፈለ ነገ ሳትዪ ባለሱቁን አነጋግሪያቸው።