ከትኬቱ በፊት የባለቤትዎ ፓስፖርት

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር በሁለት መስመር ስለማይመለስ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጽፍልዎ ወሰንኩ። እንደነገሩን እርስዎ የአሜሪካ ዜጋ ነዎት፤ ባለቤትዎ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ይዘዋል። አምስት ወር ዕረፍት አላችሁ። ጥምቀትን አዲስ አበባ አክብራችሁ፣ ባንኮክ ጥቂት ሰንብታችሁ፣ አውስትራሊያ ያለውን የባለቤትዎን ወንድም ጠይቃችሁ፣ ፓስፊክን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ቤታችሁ መግባት ትፈልጋላችሁ። ጥያቄዎ ዓለምን የሚዞረውን አንድ ትኬት እንግዛ ወይስ እያንዳንዱን መንገድ ለየብቻ የሚል ነው።

እኔና ባለቤቴ ይህንኑ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2023 ከጥር እስከ ሚያዝያ ተጉዘነዋል። ያኔ እኔ በአሜሪካ ፓስፖርት፣ እሱ በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ ነበርን፤ ስለዚህ የእናንተ ጉዳይ እንደ ራሴ ሆኖ ይሰማኛል። ለዚህ መንገድ አንዱ ትኬት ይሻላችኋል። ነገር ግን ስለ ትኬት ከማሰባችሁ በፊት የባለቤትዎን ፓስፖርት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና መንገዱን ከእሱ ተነሥታችሁ ሥሩት። እኛ የተገላቢጦሽ አደረግነው። ዋጋ ስናወዳድር ሁለት ወር ከፈጀን በኋላ ነው የአውስትራሊያ ቪዛ ትዝ ያለን።

በመጀመሪያ ትኬቱ ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው አንዴ ከተገዛ የትም የሚያስገባ ይመስለዋልና። የሚሸጡት የአየር መንገዶች ኅብረቶች ናቸው። አንዱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከእ.ኤ.አ. 2011 መጨረሻ ጀምሮ አባል የሆነበት ስታር አልያንስ ነው፤ ሌላው ዋንወርልድ። ዋና ዋናው ደንባቸው ይመሳሰላል። ወደ ምሥራቅ ከተነሡ እስከ መጨረሻው ወደ ምሥራቅ ይሄዳሉ። አትላንቲክንም ፓስፊክንም የሚሻገሩት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጉዞው በተጀመረበት ሀገር ማለቅ አለበት፣ ከ16 በረራ አይበልጥም፣ ከመነሻው ቀን አንሥቶ ከ1 ዓመት አያልፍም። የሚለያዩት አቆጣጠራቸው ላይ ነው፤ ዋንወርልድ የረገጧቸውን አህጉራት የሚቆጥር ትኬት አለው፣ ስታር አልያንስ ማይል ይቆጥራል። እኛ የገዛነው በማይል የሚታሰበውን ነው፤ አዲስ አበባን የመንገዱ እምብርት ላደረገ ሰው የሚስማማው እሱ ነውና።

ማይሉን ራሳችሁ በወረቀት ደምሩት። እኛ ስንገዛ እርከኖቹ 26,000፣ 29,000፣ 34,000 እና 39,000 ነበሩ፤ አንዱን እርከን በአንዲት ማይል እንኳ ካለፉ የሚከፍሉት የሚቀጥለውን ዋጋ ነው። አንድ ቅዳሜ ቡና አፍልተን ከባለቤቴ ጋር በልጃችን ደብተር ጀርባ ላይ ደመርነው። ከዋሽንግተኑ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ 7,180 ማይል ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ባንኮክ 4,200፣ ከባንኮክ ሲድኒ 4,680፣ ከሲድኒ ሳንፍራንሲስኮ 7,420፣ ከዚያ ዋሽንግተን 2,420። ድምሩ 25,900 መጣ። ከመጀመሪያው እርከን በታች የቀረን 100 ማይል ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ኒውዚላንድን ማየት ይመኝ ስለነበር ኦክላንድን መሐል አስገብተን ሞከርነው። ከሲድኒ ኦክላንድ 1,340፣ ከኦክላንድ ሳንፍራንሲስኮ 6,520 ነው፤ ጠቅላላው 26,340 ሆነና እርከኑን ዘለለ። ለ340 ማይል ሲሉ የ29,000ውን ዋጋ መክፈል ነው። ከዚህ የተማርኩት ነገር አለ፤ ከዋናው መስመር ጥቂት ወጣ ያለችውን ከተማ በትኬቱ ውስጥ ከመክተት ለብቻዋ የደርሶ መልስ ትኬት መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። «በአውሮፕላን ሜልቦርን ገብቼ በባቡር ሲድኒ ብሄድ አይቆጠርብኝም» ብለው እንዳያስቡ፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል መሬት ለመሬት የሄዱትም ማይል ይደመራል፣ ከ16ቱም አንዱን ቦታ ይይዛል።

ዋጋውን በተመለከተ ቁጥር ብጽፍልዎ ነገ ይለወጣል። ከየት ሀገር እንደሚነሡ፣ በየትኛው ማዕረግ እንደሚቀመጡ፣ በየአውሮፕላን ማረፊያው የሚጣለው ግብርና የነዳጅ ጭማሪ ስንት እንደሆነ አይቶ ነው የሚወሰነው። ከሌላ ሀገር ተነሥተው ርካሽ ያገኙ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን እዚያ ድረስ መሄጃውም፣ ጉዞው ሲያልቅ ከዚያ ቤት መመለሻውም የራሱ ወጪ አለው። ለእናንተ አልመክረውም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ በገናና በጥምቀት ሰሞን ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ተራ ትኬት እንዴት እንደሚንር ሁላችንም እናውቃለን። እኛ የገዛነው የዙር ትኬት መደበኛ ዋጋ በወቅት አይለዋወጥም ነበር። የሚቸግረው ቦታው ነው፤ ለዚህ ትኬት የተመደበው መቀመጫ ቶሎ ያልቃል፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ቦታ ቢኖርም ለእርስዎ የለም ሊባል ይችላል። ስለዚህ የጥምቀቱን በረራ ቀድማችሁ፣ ከተቻለ በአሜሪካው በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ያዙ።

አሁን ወደ ፓስፖርቱ ልመለስ። እርስዎ የአውስትራሊያን የመግቢያ ፈቃድ በስልክዎ መተግበሪያ፣ በ20 የአውስትራሊያ ዶላር ያወጡታል። ባለቤትዎ ግን ሙሉ የጎብኚ ቪዛ ማመልከት አለባቸው፤ የባንክ ወረቀት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የወንድማቸው የግብዣ ደብዳቤ፣ ከዚያም ሳምንታት መጠበቅ። ቪዛው እጃቸው ሳይገባ ትኬቱን አትክፈሉ። እኛ በስልክ ደውለን መንገዱን አስያዝንና ክፍያውን ቪዛው እስኪመጣ አቆየን፤ መያዣው ሁለት ጊዜ ጊዜው አልፎ ተሰረዘ፣ ሁለቴ እንደ አዲስ አስያዝነው። አድካሚ ነበር፤ ግን ከፍለን ቪዛው ቢከለከል ኖሮ የትኬቱ ግማሽ ባዶ ወረቀት ይሆን ነበር። የታይላንድም ደንብ ለሁለቱ ፓስፖርቶች አንድ አይደለም፤ ሁለቱንም ለየብቻ አጣሩ።

የትራንዚት ነገር ብዙ ሰው ይረሳዋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በአውሮፓ የሸንገን ሀገሮች አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል፤ እንግሊዝም እንዲሁ። ባለቤትዎን ከዚህ የሚያድናቸው ግሪን ካርዳቸው ነው። ስለዚህ በረራ ተሰርዞ በፍራንክፈርት በኩል ቢልኳችሁ የሚያሳልፋቸው ያ ካርድ ስለሆነ ጉዞው ከማለቁ በፊት ጊዜው የሚያልፍ ከሆነ አሁኑኑ ያሳድሱት። ደግሞም ትኬቱ 1 ዓመት ይሠራል ማለት ባለቤትዎ 1 ዓመት መቆየት ይችላሉ ማለት አይደለም። ከ6 ወር በላይ ከአሜሪካ ውጭ መቆየት ለዜግነት የሚቆጠረውን የመኖሪያ ጊዜ ያቋርጣል ተብሎ ይገመታል፤ ከ1 ዓመት በላይ ለመቆየት ደግሞ ከመውጣታቸው በፊት፣ አሜሪካ እያሉ የሚያመለክቱት የመመለሻ ፈቃድ ያስፈልጋል። አምስት ወራችሁ ከዚህ በታች ነው። አዲስ አበባ ስትደርሱ ዘመድ «ትንሳኤን ሳትውሉ?» ማለቱ ስለማይቀር ይህን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ።

ቦሌ የገጠመንን ልንገርዎ። ወደ ባንኮክ ለመብረር ባንኮኒው ፊት ቆመን፣ ሻንጣዎቻችን ተመዝነው ተንቀሳቃሹ መስመር ላይ ወጥተው ነበር። ልጅቷ «ቢጫ ካርድ?» አለችን። እኔ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያዬን አውጥቼ ሰጠኋት፤ እኛ አሜሪካ ያለን ሰዎች ቢጫ ካርድ የምንለው እሱን ነዋ። ራሷን ነቀነቀችና «የክትባቱን ነው እናቴ» አለች። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችን ተመዝኖ ባለፈው ሻንጣ ውስጥ ነበር። መስመሩን አስቁመው ሻንጣውን መለሱልን። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ከኋላችን ሰው ተሰልፎ፣ ነጠላና ጋቢውን እያወጣ ፈለገ። ካርዱ እናቴ በጋዜጣ በጠቀለለችው ድርቆሽ ሥር ተገኘ፤ ያኔ ነው እንደገና የተነፈስኩት። ታይላንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ ይህን ካርድ ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያ ቆይቶ በ6 ቀን ውስጥ አውስትራሊያ የሚገባ ሰውም ይጠየቃል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ አንዴ ከተወጉ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ቢጫ ካርዶቹን ሁለቱንም ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ቦርሳ ያዙ።

ጉዞውን ወደ ምሥራቅ እንድትጀምሩ የምመክረው በሁለት ምክንያት ነው። ቀኑ የማይነቃነቀው ጥምቀት ስለሆነ አዲስ አበባ መጀመሪያ ይሁን። ከዋሽንግተን ዳላስ አዲስ አበባ ደግሞ ቀጥታ ነው፤ በተቃራኒው ሲመጡ አውሮፕላኑ መሐል ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ይቆማል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ስላለ አየሩ ሳስቷል፣ ሙሉ ነዳጅ ተሸክሞ መነሣት ይከብዳል።

የመርሐ ግብር ለውጥ ደግሞ አይቀርላችሁም። ከተሳፈርንባቸው አየር መንገዶች አንዱ የሲድኒውን በረራችንን በሁለት ቀን ገፋው። የሚያስተካክለው ያ አየር መንገድ አይደለም፤ ትኬቱን ያወጣላችሁ ነው። ከባንኮክ ሆቴል በሌሊት ደውለን፣ አስተናጋጇ አዲስ ቀን ያዘችልንና «ተስተካክሏል» አለችን። ማግስቱን ደግሜ ስደውል ቦታው ተይዟል፣ ትኬቱ ግን አልታደሰም። ቦታ መያዝና ትኬት መታደስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ትኬቱ ካልታደሰ ባንኮኒው ላይ አያሳፍሯችሁም። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ «ትኬቱ እንደገና ወጥቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አዲሱ በኢሜይል እስኪደርሳችሁም አትተኙ። አንዱን በረራ ሳያሳውቁ መተውም አደገኛ ነው፤ የቀሩት ሁሉ በራሳቸው ይሰረዛሉ። ቀን መቀየር በኛ ትኬት ክፍያ አልነበረውም፣ ከተማ መቀየር ግን ነበረው።

ለየብቻ መግዛት የሚሻለው መቼ ነው ካሉኝ፣ ፓስፊክን የማትሻገሩ ከሆነ፣ ወይም አራቱን ወር አዲስ አበባ ቆይታችሁ ሌላውን ለአንድ ሳምንት ብቻ የምታዩት ከሆነ ነው። ያኔ የአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ገዝታችሁ ከዚያ ጎን ለጎን መውጣት ይበቃል። ነገር ግን በተለያዩ ትኬቶች ስትሄዱ የመጀመሪያው ቢዘገይ ለሁለተኛው ማንም አይጠየቅላችሁም፤ የመውጫ ትኬት አሳዩ የሚሉ ሀገሮችም አሉ። የዙሩን ትኬት ይዘን ስንገባ ይህን ጥያቄ አንድም ቦታ አልፈራንም።

ሻንጣን በሚመለከት፣ የሁሉም አየር መንገድ የሚፈቅደው ክብደት አንድ ስላልሆነ በትንሹ ልክ ያዙ። አውስትራሊያ የሚገባ ሰው ደግሞ ምግብ ከያዘ በመግቢያው ካርድ ላይ «አለኝ» ብሎ ምልክት ያድርግ። እናቴ ለአውስትራሊያ ዘመዶቻችን በሁለት ማሰሮ ንጥር ቅቤ ልካ ነበር። ሲድኒ ላይ መኮንኑ ክዳኑን ከፈተው፤ ኮረሪማውና በሶብላው አዳራሹን ሞላው። በትሕትና አመሰገነንና ወሰደው፤ ከኛ ሀገር የሚሄድ የወተት ተዋጽኦ አይገባም። የተቆላው ቡና አለፈ፤ ጥሬ ቡና ቢሆን ግን አያልፍም ነበር። እናቴ ያን ቅቤ በእጇ አንጥራ ነው የሰጠችኝና እንባዬ መጣ፤ ቢሆንም አሳውቀን ስለነበር ሌላ ነገር አልደረሰብንም። ደብቆ የተገኘ ይቀጣል፣ በቪዛ የገባ ሰው ቪዛውም ሊሰረዝበት ይችላል። ባለቤትዎ ከአዲስ አበባ ሲወጡ ለወንድማቸው ምን እንደሚይዙ ከአሁኑ ተነጋገሩበት፤ በርበሬና ሽሮ ካሰቡም ደንቡን አይታችሁ ይሁን።

ወንድማቸው የሚኖረው ሲድኒ ነው ሜልቦርን? እሱን አልጻፉም። ሜልቦርንን ትኬቱ ውስጥ ካስገባችሁት ድምሩ ከ26,000 ያልፋል። ከተማውንና ግሪን ካርዱ የሚያበቃበትን ወር ይንገሩኝና ማይሉን እዚሁ አብረን እንደምረዋለን።