ቀርጤስን በካምፐር ቫን (መኝታና ማብሰያ ባለው መኪና) ለምትዞሩ ወገኖች

የግሪክ ደሴት የሆነችው ቀርጤስ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። በሳምንት ዞረን እንጨርሳታለን የሚያሰኘው ይኸው ቁጥር ነው። በሰሜኑ አውራ ጎዳና ከሃንያ እስከ ኢራክሊዮ ያለው 140 ኪሎ ሜትር ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው፤ ወደ ደቡብ ስትታጠፉ ግን ተራራው ይጀምርና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር መጓዝም ትልቅ ነገር ይሆናል። ሳምንት ብቻ ያላችሁ ወይ ምዕራቡን ወይ ምሥራቁን ምረጡ። ሁለቱንም የሞከረ ቀኑን መሪ ላይ ይጨርሳል።

ለቤተሰብ ይስፋ ብላችሁ ባለ 7 ሜትር መኪና አትከራዩ። የፊያት ዱካቶ ዓይነት ባለ 6 ሜትር ቫን ይበቃል። እሱም ቢሆን ከነስፖኪዮው 2.5 ሜትር ያህል ይሰፋል፤ የመንደሩ ሰገነቶች ደግሞ ወደ መንገዱ ወጥተው የተሠሩ ናቸው። የስልክ ካርታ የቫኑን ስፋት አያውቅምና ከመንደሩ ዳር አቁማችሁ በእግር ግቡ። ውል ስትፈርሙ ጣሪያው፣ የመኪናው ሆድና ጎማው በኢንሹራንሱ መካተታቸውን ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አይካተቱም። ኮረኮንች መንገድም ይከለከላል። ወደ ባሎስ የባሕር ዳርቻ የሚወስደው 8 ኪሎ ሜትር ግድም እንዲህ ያለ ነው፤ እዚያስ ከኪሳሞስ ወደብ በጀልባ መሄድ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ከኢምብሮስ ወደ ሆራ ስፋኪዮን ስትወርዱ መንገዱ ከ700 ሜትር ከፍታ እየተጠማዘዘ ባሕሩ ዳር ያደርሳል። ዕቃና ውኃ የሞላው ቫን 3 ቶን ይደርሳል። ፍሬኑን ረግጦ እንደያዘ የሚወርድ ሰው የፍሬኑን ሸራ ያግላል፣ የፍሬኑ ዘይት ይፈላል፣ ከዚያ ፔዳሉ ሲረገጥ ባዶ ይሆናል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፤ ፍሬኑን ለአጭር ጊዜ ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ ልቀቁ። የተቃጠለ ከሸተታችሁ ቁሙና ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ውኃ አታፍስሱበት፤ የጋለ ዲስክ ይጣመማል። ደቡቡ ላይ ማደያ ስለሚራራቅ ናፍጣ ከሰሜኑ ሳትወጡ ሙሉ።

ካምፒንጉ (ቫን አቁመው የሚያድሩበት ግቢ) የሚሰጣችሁ 6 አምፔር ከሆነ በ230 ቮልት 1,380 ዋት ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዚያ በላይ ስለሚስብ ገና ስትሰኩት ብሬከሩ ይወርዳል፤ ከአሜሪካ የመጣው የ110 ቮልቱማ ይቃጠላል። ድርቆሽና ሽሮ ያዙ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የምትመጡ ግን ቅቤና ቋንጣ አትያዙ፤ የሥጋና የወተት ውጤት ጉምሩክ ላይ ይወረሳል። ቡና በጋዝ ምድጃው ይፈላል። ከሰል ቫኑ ውስጥ ለዕጣን እንኳ አይቀጣጠል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የተኛውን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ከሚያዝያ ማለቂያ እስከ ጥቅምት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሜይ 1 እስከ ኦክቶበር 31፣ የሰደድ እሳት ወቅት ስለሆነ ውጭም እሳት አታንድዱ።

100 ሊትር ውኃ ሻወር ለሚወስዱ አራት ሰዎች ሁለት ቀን አይዘልቅም፤ 20 ሊትር የማይሞላው የሽንት ቤት ካሴትም (ተነቅሎ የሚደፋው ማጠራቀሚያ) እንዲሁ ነው። ካሴቱን የምትደፉት ካምፒንግ ውስጥ ብቻ ነው፣ ስለዚህ በየሁለት ቀኑ አንድ የካምፒንግ አዳር አስቡ። ባሕር ዳር ወይም ጥንታዊ ፍርስራሽ አጠገብ ማደር በግሪክ ሕግ የተከለከለ ነው፣ ያስቀጣልም።

በሐምሌና ነሐሴ ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ከተራራው ሸለቆዎች በድንገት ወደ ደቡቡ ዳርቻ ይወርዳል፤ በዚያ ያለችው የፕላኪያስ መንደር በዚህ የታወቀች ናት። (ጳውሎስ በቀርጤስ ዳርቻ ሲጓዝ የገጠመው ዐውሎም ከደሴቱ የወረደ ነበር።) አየሩ ጸጥ ቢልም የቫኑን ጥላ አጥፋችሁ ተኙ፤ አንድ ነፋስ ከነብሎኑ ይነቅለዋል። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሩ።

የአሜሪካ፣ የካናዳና የእንግሊዝ መንጃ ፈቃድ ብቻውን ይሠራል፤ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ያለው ዓለም አቀፉን ይጨምር።

ለፍልሰታ የምትሄዱ ደግሞ የግሪኮቹ በዓል ኦገስት 15 መሆኑን አትርሱ፤ የእኛ ነሐሴ 16 ከእነሱ በሳምንት ይዘገያል። በዚያ ሰሞን ከአቴና ወደብ ከፒሬዎስ የሚነሳው መርከብ ለመኪና ቦታ ስለማይኖረው ከወራት በፊት ያዙ፤ ስትይዙም ቁመቱንና ርዝመቱን በትክክል ንገሩ፣ ዋጋው በዚያ ነው። ምግብ ቤት ገብታችሁ «ኒስቲሲሞ» ብትሉ የጾም ይሰጧችኋል፣ ግን በእነሱ ሥርዓት ሽሪምፕና ኦክቶፐስ የጾም ነው። ሆርታ የሚሉት የተቀቀለ ጎመን መሰል ቅጠልና ጊጋንዴስ የተባለው ትልቅ ባቄላ ከእኛ ጾም ጋር ይስማማሉ።