ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ለምን ይደበዝዛል?

እህቴ፣ ደሴ ባለው ቤትሽ ምጣዱን ስትሰኪ የማድ ቤቱ አምፖል እንደሚደበዝዝ፣ የሳሎኑ ግን ምንም እንደማይሆን ጽፈሻል። መልሱ ያለው በሳሎኑ አምፖል ላይ ነው። እሱ ካልደበዘዘ፣ ጥፋቱ ወደ ማድ ቤት በተዘረጋው ገመድ ላይ ነው ማለት ነው።

3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህ ብዙ ነው። ገመዱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ሆኖ 40 ሜትር ቢሄድ፣ ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ የሚቆጠረው 80 ሜትር ነው፤ የኤሌክትሪክን መፍሰስ የሚገታው የገመዱ ተቃውሞም ወደ 0.9 ኦም ይደርሳል። አምፔሩን በኦሙ ስታባዢው 14 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ምጣዱና አምፖሉ በትይዩ፣ ማለትም ጎን ለጎን ከዚሁ ገመድ ጋር የተገጠሙ ስለሆኑ የቀረውን 206 ቮልት አብረው ያገኛሉ። ባለ ክር አምፖል ደግሞ ቮልት ትንሽ ሲጎድልበት ብርሃኑ በጣም ይቀንሳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ድብዘዛው አይደለም። መንገድ ላይ የቀረው ኃይል፣ 200 ዋት ያህል፣ ሙቀት ሆኖ ገመዱ ውስጥ ነው ያለው። የላላ መጋጠሚያ ካለ ሙቀቱ እዚያች ነጥብ ላይ ይከማቻል። ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት የምጣዱን ስፒና ስነቅል አንደኛው እግሩ ጠቁሮ፣ የሶኬቱ ቀዳዳ ቀልጦ አግኝቻለሁ።

እንጀራው ተጋግሮ ሲያልቅ ምጣዱን ንቀይና ስፒናውን በእጅሽ ጀርባ ንኪው። ከሞቀ፣ ባለሙያ ጠርተሽ ለምጣዱ ብቻ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ከነማቋረጫው አስዘርጊ። እስከዚያው አትጋግሪበት።