መብራቷ ዝም ብላለች፣ ጎማው ግን ይሸታል

ጥያቄ፦ ሞተርሆም ነው የምነዳው። ከኋላው ትንሿን መኪናችንን በመጎተቻ ብረት አስረን በአራት ጎማዋ መሬት ላይ እንጎትታታለን። ሾፌሩ እግር ስር የሚቀመጥ፣ የፍሬን ፔዳሏን የሚረግጥ ሳጥን ገዝተናል። ሞተርሆሙ ዳሽቦርድ ላይ ደግሞ መኪናዋ ፍሬን ስትይዝ የምትበራ ቀይ መብራት አለች። ባለፈው ወር ይቺ መብራት ፍሬን ሳልይዝ ጎርባጣ መንገድ ላይ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ጋራዥ ወሰድኩ። «የሽቦ ነገር ነው» ብለው ፔዳሉ ላይ ያለውን የስቶፕ መብራት ማብሪያ ነካክተው ሰጡኝ። ብልጭታው ጠፋ። አሁን ግን አንድ ሰዓት ያህል ስንሄድ የመቃጠል ሽታ ይመጣል። መጀመሪያ የሸተታት ባለቤቴን ነው፤ እኔ «ከፊታችን ካለው ከባድ መኪና ነው» ብያት ነበር። ስንቆም ሁለቱም የፊት ቸርኬዎች እጅ አያስጠጉም። መብራቷ ግን አንዴም አልበራችም። ካሊፐሮቹን (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚያጣብቁትን) ልቀይር?

መልስ፦ ካሊፐሮቹን ተዋቸው ወንድሜ። ጥያቄህን አንብቤ ሳልጨርስ ሐሳቤ የሄደው ወደ ፔዳሉ ነው።

ሁለት ነገር ነው ያሳበቀብህ። አንደኛው፣ ሁለቱም የፊት ጎማዎች መጋላቸው ነው። ካሊፐር ሲነክስ ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ነው፤ ሁለቱ ተማክረው በአንድ ቀን አይነክሱም። የኋላዎቹ ብቻ ግለው ቢሆን «የእጅ ፍሬን ሳታወርድ ሄደሃል» እልህ ነበር። ሁለቱም የፊት ከሆኑ ግን ጥፋቱ ያለው ሁለቱን የሚያዘው ጋ ነው፤ ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ዕቃ) ወይም ፔዳሉ። የኋላዎቹም ትንሽ ሞቀው ይሆናል። ዋናውን የፍሬን ሥራ የሚሠሩት የፊቶቹ ስለሆኑ ቀድመው የሚቃጠሉት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው ያ ብልጭታ ነው። መብራቷ ብልጭ ድርግም ትል የነበረው ጎርባጣ ላይ ብቻ ነው። ይሄ ማለት ፔዳሉ መብራቷን ለማብራት ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ያቺን የቀረችውን ግማሽ ሚሊሜትር ይጨርሳታል። ሳጥንህ ሁልጊዜ ፔዳሉን በትንሹ ተጭኖት ነው የሚሄደው። የእኔ ግምት ይሄ ነው፤ ከዚህ በታች የምልህም ሁሉ ከዚሁ የተነሳ ነው።

ጋራዡ የሠራው ነገር አንጀቴን አሳርሮታል። ማብሪያውን ወደ ፔዳሉ አስጠግተው፣ ፔዳሉ የበለጠ ካልተረገጠ እንዳይበራ አድርገውታል። ሌባ ሲገባ የጮኸውን ውሻ አፉን አስረው ነው የሄዱት። ሌባው ግን ቤት ውስጥ ነው።

ወደ ሥራው ሳንገባ አንድ ነገር ያዝልኝ፦ ጎማዎቹ እንደጋሉ መኪናዋን ፈተህ እንዳትነዳት። የፍሬን ዘይት ሲፈላ ይተናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። ያኔ ፔዳሉን ትረግጣለህ፣ ወለሉ ድረስ ይገባል፣ መኪናዋ አትቆምም። አዲስ ዶት 3 (አንዱ የፍሬን ዘይት ዓይነት) የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ነው፤ እርጥበት የጠጣ ዶት 3 ግን 140 ላይም ሊፈላ ይችላል። ዲስክ ደግሞ ሲታሽ ከዚያ በጣም በላይ ይወጣል። ውሃም አትድፋበት፣ ዲስኩ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ደረቅ ሣር ላይም አታቁማት። ዝም ብለህ እስኪበርድ ጠብቅ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ለምን ይሆን ትንሿ ግፊት እንዲህ የምታቃጥለው? ፔዳሉ ሦስት አራት ሚሊሜትር ብትገባ ምን ይመጣል? ብዙ ሰው፣ መካኒኩም ጭምር፣ «ይሄ ፍሬን አያስይዝም» ይላል። ልክ ነው፣ በዚያች ደቂቃ አያስይዝም። ነገሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ማስተሩ ውስጥ ፒስተን አለ፣ ከላዩ የዘይቱ ዕቃ ተቀምጧል። በሁለቱ መካከል የመርፌ ቀዳዳ የምታክል መተላለፊያ አለች። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ተለቅቆ ሲያርፍ ይቺ ቀዳዳ ክፍት ናት። በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ዘይት ሲሞቅ ያብጣል፣ ያበጠው በቀዳዳዋ ወደ ዕቃው ይመለሳል፣ ግፊት አይጠራቀምም። ፍሬን ስትይዝ ፒስተኑ ወደፊት ይሄድና ጎማዋ (የፒስተኑ ጎማ ማለቴ ነው) ቀዳዳዋን ትዘጋታለች። ከዚያ ወዲያ ነው ግፊት የሚፈጠረው። ለመዝጋት የሚበቃው ጉዞ ደግሞ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ነው። ፔዳል ማንሻ ስለሆነ፣ ብዙ መኪኖች ላይ እግርህ 4 ሚሊሜትር ሲሄድ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ የሚሄደው ወደ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

እንግዲህ ሳጥንህ ፔዳሉን ቀዳዳዋ እስክትዘጋ ድረስ ብቻ ገፍቶ ያዘው እንበል። ፍሬን አልያዘም፣ መብራቷም አልበራችም፣ ጎማው በእጅ ይዞራል። ጉዞ ጀመርክ። አንድ ሁለቴ እውነተኛ ፍሬን ያዝክ፣ ዲስኩ ሞቀ፣ ሙቀቱ በሸራው በኩል ወደ ዘይቱ ገባ። ዘይቱ አበጠ። መመለሻው ተዘግቷል። የት ይሂድ? ሸራውን ይገፋል። ሸራው ዲስኩን ሲነካ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ዘይቱን ይበልጥ ያሳብጠዋል፣ ያበጠው ሸራውን ይበልጥ ይገፋል። ማንም ሳይረግጠው ፍሬኑ ራሱን በራሱ ይይዛል። ስትቆም፣ ሲበርድ፣ ይለቃል። ጋራዥ ስትደርስ ምንም የለም፣ ጎማው እንደ ልብ ይዞራል፣ መካኒኩም አንተን እንደ ጭንቀታም ያይሃል። ሽታው የሚመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ የሆነው ለዚህ ነው። ቶን በቶን የሆነ ሞተርሆም እየነዳህ ደግሞ ከኋላ ያለች ትንሽ መኪና ፍሬን ይዛ ብትጎተት አይታወቅህም። ሞተሩ ይጎትታታል።

አሁን እናረጋግጥ። የዘይቱን ዕቃ ክዳን ክፈት፣ ባትሪ መብራት ይዘህ ወደ ውስጥ ተመልከት፣ ዓይንህን በመነጽር ሸፍን። ሳጥኑ ሳይኖር አንድ ሰው ፔዳሉን ቀስ ብሎ በእጁ ይግፋ። ገና ሲጀምር ከሥር ትንሽ ፍልቅ የምትል ነገር ታያለህ፤ ቀዳዳዋ ሳትዘጋ የወጣች ዘይት ናት። አሁን ሳጥኑን ሁልጊዜ እንደምትተክለው ትከለውና ያው ሰው ፔዳሉን ከዚያ ላይ ጨምሮ ይግፋ። ፍልቅታው ከጠፋ ቀዳዳዋ ቀድማ ተዘግታለች፣ ነገሩ አለቀ። አንዳንድ አዳዲስ ማስተሮች በቀዳዳ ፈንታ ቫልቭ አላቸው፣ እነሱ ላይ ይሄ አይታይም።

ለእነዚያ የትኩሱ ፈተና አለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጎትተህ ደልዳላ ቦታ ቁም። ከሞተርሆሙ ፍታት፣ የኋላ ጎማዎቿን በታኮ ያዝ፣ ፊቷን በክሪክ አንሳና መደገፊያ አስገባባት፤ በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ስር እጅም አይገባም። ማርሹ ነፃ ይሁን። ጎማውን በጓንት አዙር። ካልዞረ የሳጥኑን ክንድ ከፔዳሉ ላይ አላቀው። ያኔ ከለቀቀ ግምቴ ልክ ነው። ካልለቀቀ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን በጥቂቱ ፍታ። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከለቀቀ ግፊት ታምቋል ማለት ነው፤ ማስተሩን ወይም የጎማ ቱቦውን ፈትሽ። ዘይቱ ወጥቶም ካልለቀቀ፣ እሺ፣ ያኔ ስለ ካሊፐር እናወራለን። ፈታኋት ብለህ ግን እንደጋለች ዞር ዞር ላድርጋት እንዳትል።

ሳጥኑ ለምን እንዲህ ተጫነ? እዚህ ላይም ግምት አለኝ። መኪናዋን ነድተህ ሞተርሆሙ ኋላ ታስጠጋታለህ፣ ታጠፋታለህ፣ ወዲያው ሳጥኑን ትተክላለህ። አይደል? ሞተሩ ገና መጥፋቱ ስለሆነ ሰርቮው (እግርህን የሚያግዘው ዕቃ) ውስጥ ገና ቫኪዩም፣ ማለትም አየር የተሳበበት ባዶነት፣ አለ፣ ፔዳሉ ለስላሳ ነው። ክንዱን «ጠበቅ» ስታደርገው ሳይታወቅህ ፔዳሉ አብሮ ይገባል። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፍሬኖች ሳጥኑ በሰርቮ ታግዞ ስለሚረግጥ ከታሰበው በላይ ነው የሚይዘው፣ ዲስኩን ገና ከመነሻው ያሞቀዋል። ስለዚህ ሞተሩን አጥፍተህ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ርገጥ፣ ድንጋይ እስኪሆንብህ። ከዚያ ሳጥኑን ትከል። ክንዱ ፔዳሉን ይንካ እንጂ አይግፋው፤ ፔዳሉን በጣትህ ወደ ላይ ስብ፣ ትንሽ ልቅ መሆን አለበት። ሳጥኑ የሚደገፍበትን የሾፌር ወንበር ካስቀመጥከው በኋላ ወደፊት አትግፋው። ወፍራሙንም ምንጣፍ አውጣው። ሳጥኑ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ይቀመጥበታል፣ ከዚያ እየሰመጠ ይዞራል፣ ክንዱም ቦታውን ይስታል። ስንት ሰው ውድ ሳጥን ገዝቶ በምንጣፍ ያበላሸዋል!

ሞተሩ ጠፍቶም ሰርቮው በኤሌክትሪክ የሚሠራላቸው መኪኖች አሉ፤ በተለይ ሃይብሪዶች። የአንተ ከእነሱ ከሆነች ሳጥኑ ለእንደዚህ ዓይነቱ ፍሬን መሠራቱን መመሪያው ላይ እይ። ለተራው ፍሬን የተሠራ ሳጥን እነሱ ላይ ከልክ በላይ ይረግጣል።

ማብሪያውን ወደ ቦታው መልሰው። ፔዳሉ ገና በመጀመሪያዎቹ ሚሊሜትሮች፣ ሸራው ሳይነካ፣ የስቶፕ መብራቱ መብራት አለበት። ወደ ፔዳሉ አብዝተህ ግን አትግፋው፤ ማብሪያው ራሱ ፔዳሉን ተጭኖ ሊይዝ ይችላል፣ ያኔ ሳጥን ባይኖርም ያው ነገር ይመጣል። ርካሽ የላስቲክ ማብሪያ ካደረጉልህ አውጥተህ ጣለው። ጥርሱ ስለሚላላ ዛሬ ያስተካከልከው በሳምንቱ ቦታውን ይለቃል።

ወደ ዳሽቦርዷ መብራት የሚሄደውን ሽቦም እይ። መነሳት ያለበት ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኘው ጎን ነው፣ መነሻው ላይ ትንሽ ፊውዝ ይኑረው። ሽቦውን ሳይልጡ በመጫን ብቻ በሚነክሱ ርካሽ መቆንጠጫዎች የተቀጠለ ከሆነ ቁረጥና በብየዳ ቀጥለው። እነዚያ መቆንጠጫዎች ሽቦውን ግማሽ ይቆርጡታል፣ እርጥበት ገብቶ አረንጓዴ ያወጣል። ፍሬቻ ስታበራ ቀይዋ አብራ ከበራች ደግሞ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፈትሽ።

መብራቷ የምትነግርህ የፔዳሉን ነገር ነው። ስለ ጎማው ምንም አታውቅም። መብራቷ ስትበራ ፔዳሉ ተንቀሳቅሷል፤ ጠፍታ ሳለ ግን ፍሬኑ አልያዘም ማለት አይደለም፤ በራስህ ላይ አይተኸዋል። አንዳንድ ሳጥኖች ደግሞ ምልክታቸውን በሬዲዮ ይልካሉ። እነሱ የሚነግሩህ ክንዱ መንቀሳቀሱን ብቻ ስለሆነ ከፔዳሉም አንድ ደረጃ ራቅ ያለ ወሬ ነው። ጎማውን የሚያይ ሌላ ነገር ያስፈልግሃል። የጎማ አየርና ሙቀት የሚለካ ሴንሰር ጥሩ ነው፣ ግን ቫልቩ ጫፍ ላይ የሚጠለቀው ዓይነት የዲስኩን ሙቀት ዘግይቶ ነው የሚሰማው። እኔ የምመርጠው ባለ ጨረር ቴርሞሜትር ነው። በቆምክ ቁጥር አራቱንም ለካ። ቁጥሩ ራሱ ብዙ አያስጨንቅህ፤ ግራና ቀኙን አስተያይ፣ የፊቱንም ከትናንቱ የፊት ጋር አስተያይ። ስትለካ የሚያብረቀርቀውን የዲስክ ገጽ አታነጣጥር፣ ብረት ሲያበራ መሣሪያው ዝቅ አድርጎ ያነባል። ዲስኩ መሃል ላይ ያለውን ዝገት የያዘ ደብዛዛ ክፍል ለካ።

የስቶፕ መብራት አምፖሎችንም አትርሳ። ሁለት 21 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 3.5 አምፔር ይበላል። ፔዳሉ ተጭኖ መብራቱ ሲበራ ከዋለ በአምስት ሰዓት 17 አምፔር-ሰዓት ያህል ሄዷል፣ ሳጥኑም ከዚያው ባትሪ ነው የሚበላው። ስትደርስ መኪናዋ አልነሳ ካለችህ ባትሪውን ከመቀየርህ በፊት ይሄንን አስብ።

የመላቀቅ ማብሪያዋ (መኪናዋ ተላቅቃ ብትቀር ፍሬን የምታስይዘው) ገመድ የት እንደታሰረች ደግሞ እይልኝ። መታሰር ያለባት ሞተርሆሙ ላይ ነው፤ መጎተቻ ብረቱ ላይ ካሰርካት ብረቱ አብሮ ሲላቀቅ አትሳብም። በመታጠፊያ ላይ እንዳትሳብ ልቅ ትበል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የፊት ጎማዎቹን አውልቅና ሸራዎቹን ተመልከት። ፊታቸው እንደ መስታወት ካብረቀረቀ ወይም ጠርዛቸው ከተፈረፈረ ቀይራቸው። ዲስኩ ሰማያዊ ከሆነም አስለካው። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይረው፣ አንዴ ፈልቶ ከሆነ አየር ቀርቶበት ሊሆን ይችላል። ፔዳሉ ጠንክሮ ከፍ ብሎ ካልቆመ፣ አሁንም እደግመዋለሁ፣ መኪናዋን ፈተህ አትንዳት። ቴርሞሜትሩን ደግሞ ለባለቤትህ ስጣት፣ ሽታውን ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት።