«ጥራዙ አልቋል፣ ሐሙስ ና»

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእትዬ። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ቤቷ የመንግሥት ናት። ባለፈው ሐምሌ ኪራይ ልከፍል ሄድኩ። ገንዘብ ያዧ 3,200 ብሬን ቆጥራ ተቀበለች። ከዚያ «ጥራዙ አልቋል፣ ሐሙስ ና» ብላ በብጣሽ ወረቀት ላይ ፈርማ ሰጠችኝ። ሐሙስ ስሄድ ፈቃድ ወጥታለች። የተተካው ልጅ «መዝገብ ላይ የለህም» አለኝ። አሁን ከነቅጣቱ ክፈል እየተባልኩ ነው። አንድ ነገር ልጨምርዎ፦ ይህን ሁሉ ብር የሚሰበስብ ቢሮ ጣሪያው ለምን ያፈሳል? ገንዘቡስ የት ነው የሚገባው?
ባለሱቁ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ልጄ፣ እኔ እዚሁ ጎንደር 28 ዓመት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ደብዳቤህን ሳነብ ደሜ ነው የፈላው። የደረሰኝ ጥራዝ ካለቀ ገንዘብ አይቀበሉም። መስኮቱ ይዘጋል፣ አለቀ። እኛ ጥራዝ የምንረከበው በቁጥር ፈርመን ነበር። ሊያልቅ ጥቂት ቅጠል ሲቀረው ሌላ እንጠይቃለን።

ደረሰኙ ሞዴል 64 ይባላል። ተከታታይ ቁጥር አለው። ዋናው ላንተ ይሰጣል፣ ቅጂው ለሒሳብ ክፍል ይሄዳል፣ አንዱ ጥራዙ ላይ ይቀራል። ተሳስቼ ከጻፍኩ «ተሰርዟል» ብዬ ዋናውንም እዚያው አያይዘው ነበር እንጂ ቀድጄ አልጥልም። አንዲት ቅጠል ብትጎድል ኦዲተር ያንን ቁጥር ይዞ ይፋጠጠኛል። ዋስ አስጠርቼ የተቀጠርኩ ሰው ነኝ፤ ዋሴ አጎቴ ነበሩ፣ ስለ እሳቸው ስል ብቻ እንኳ እጠነቀቅ ነበር። ያንተ ብር ግን ሞዴል 64 ስላልተቆረጠለት መንግሥት ዘንድ አልደረሰም። በልጅቷ ኪስና በካዝናው መካከል የሆነ ቦታ ቆሟል።

ማታ ማታ የደረሰኙን ድምርና የካዝናውን ብር አመሳክራለሁ። ከጎደለ ከደሞዜ ነው። ከተረፈም የኔ አይደለም፤ ደረሰኝ ቆርጬለት ገቢ ይሆናል። በማግስቱ ከጥበቃው ጋር ፒያሳ ወርደን ባንክ እናስገባለን። ሰኔ መጨረሻ በጀት ዓመቱ ሲዘጋማ አይጣል ነው። የጎንደር ዝናብ እየወረደ ብሩን በፌስታል ጠቅልዬ በነጠላዬ ስር ይዤ እሄዳለሁ። ያኔ ባለ 200 ብር ኖት የለም። እሱ የመጣው በ2013 ነው። በመቶ ብር የተቆጠረ ገቢ ምን ያህል እንደሚከብድ የተሸከመው ያውቀዋል።

ስለ ጣሪያው፦ ቢሮው ሰብሳቢ እንጂ ባለቤት አይደለም። ከሰበሰበው ቆንጥሮ አንድ ቆርቆሮ መግዛት አይችልም። ብሩ እንዳለ ባንክ ገብቶ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይሄዳል። የፋይናንስ ሰዎች «የተጠቃለለ ፈንድ» ይሉታል። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 648/2001 የሚለው ይህንን ነው፤ በክልልም አካሄዱ ይኸው ነው። ጣሪያው የሚጠገነው በጸደቀ በጀት ነው። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ግን ከካርድና ከመድኃኒት የሚያገኙትን አስጸድቀው ራሳቸው እንዲጠቀሙበት ተፈቅዶላቸዋል።

አሁን ወደ ጉዳይህ። ብጣሿን ወረቀት እንዳትሰጣቸው፤ ኮፒዋን ብቻ ስጥ። ለቢሮው ኃላፊ ማመልከቻ ጻፍ፤ የከፈልክበትን ቀን፣ ሰዓቱንና መጠኑን አስፍር። የዚያን ቀን ጥራዞች ከባንክ ገቢው ጋር እንዲመሳከሩ ጠይቅ። ግልባጩን ለውስጥ ኦዲት አድርግ። ልጅቷ ዘግይታ ቆርጣልህም ከሆነ እዚያው ይወጣል። ካልተገኘ ወደ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ ወደ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክፍል ሂድ። ለጊዜው ቅጣቱን አትክፈል አልልህም፤ ሱቋን ሊያሽጉብህ ከሆነ ክፈልና «በቅሬታ ላይ እያለሁ» ብለህ በማመልከቻህ ጥቀስ። ደረሰኙን ተቀበል፣ በዚህኛውስ አትሞኝ!

ለወደፊቱ በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈል። ሂሳቡ ግን በመሥሪያ ቤቱ ስም መሆኑን እይ። «በኔ ስልክ ላከው» ካለችህ ያው ብጣሽ ወረቀት ነው። ባንክ ከፍለህም ስሊፑን ወስደህ ሞዴል 64 አስቆርጥ።

ማመልከቻውን ስታስገባ በሁለት ኮፒ አድርገው። ያንተኛው ላይ ቁጥርና ማህተም ካልተመታልህ ከመዝገብ ቤቱ ደጃፍ ንቅንቅ እንዳትል።